ጩኸቱ ሌላ፣ ጥያቄው ሌላ

እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሊዮን ቢን የተባለ ሰው ለአዳኞች የሚሆን ቦት ጫማ ሠርቶ በፖስታ መሸጥ ጀመረ። የጫማው ታች ጎማ፣ ላዩ ቆዳ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 100 ጥንድ ጫማዎች 90ዎቹ ስፌታቸው እየተተረተረ ተመለሱበት። ሰውዬው አልተከራከረም። ለሁሉም ገንዘባቸውን መለሰ፣ ተበድሮ ጫማውን አሻሻለ፣ እንደገና ገበያ ወጣ። ያልተደሰተ ደንበኛ ዕቃውን መመለስ ይችላል የሚለው ቃሉም የድርጅቱ መለያ ሆኖ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዘለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ግን ያው ድርጅት ገደብ የለሹን ቃል አጠፈ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ለመመለስ የግዢ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ ጊዜውም አንድ ዓመት ብቻ ሆነ። ለዚህ ያበቁት ለዓመታት ለብሰው የጨረሱትን፣ አንዳንዴም ከሰው አሮጌ ዕቃ መካከል የገዙትን ጫማ ይዘው «ይቀየርልኝ» የሚሉ ሰዎች ናቸው።

በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው የደንበኛው ጠባይ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ስፌቱ ከተተረተረባቸው መካከል በንዴት የጻፈ አይጠፋም፣ ያረጀ ጫማ ካመጡት መካከልም ፈገግ ብሎ የቀረበ ብዙ ነው። ሻጮች ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚጮኸውን ሁሉ «አስቸጋሪ»፣ በትሕትና የሚለምነውን ሁሉ «ጨዋ» ብለው ይመዘግባሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሰው የሚያውቀውን እንውሰድ። ከሦስት ቀን በፊት የተገዛ ቻርጀር ተበላሽቶ ሴትዮዋ ከበር ጀምራ «ሌቦች ናችሁ! ፌክ ነው የምትሸጡት!» እያለች ትገባለች። ስድቡ ያማል፤ ጥያቄዋ ግን ልክ ነው። በሌላ በኩል ቅዳሜ ለሠርግ የተገዛ ቀሚስ ሰኞ ጠዋት ወደ ቡቲኩ ይመለሳል። «የኔ እናት፣ ልኬ አልሆነም፤ እባክሽ ተባበሪኝ» ትላለች ደንበኛዋ። ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተነቀለም፣ አንገቱ ላይ ግን የሜካፕ ቀለም አለ። ከሁለቱ ምክንያት የለሽ አቤቱታ ያቀረበችው የኋለኛዋ ናት።

መለያው መስመር የት እንዳለ ሕጉ በከፊል ይነግረናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብልሽት ያለበትን ዕቃ በተመለከተ የሕግ ድጋፍ የለውም። ሻጩ ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ ቢከራከር፣ ምክንያት የለሹ ወገን እሱ ራሱ ነው። «ቀለሙን ባለቤቴ አልወደደውም» ለሚል ገዢ ግን የ15 ቀኑ ድንጋጌ አይደርስለትም። መለወጥ የሱቁ በጎ ፈቃድ ነው፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ ወሰኑ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ ደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ይበልጥ ይመረጣል።

ታዲያ ባንኮኒው ፊት ምን ይደረግ? ደንበኛው ተናግሮ ይጨርስ። መሀል ገብቶ «ቆይ፣ እኛ እኮ...» ማለት እሳቱን ማራገብ ነው። ንዴቱን ሲጨርስ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እስቲ ዕቃውን ልየው» ብሎ ዕቃውን በእጅ መቀበል፣ ከዚያ መቼ እንደተገዛ፣ ደረሰኝ እንዳለ፣ ምን እንደሆነ መጠየቅና መልሱን እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ። መጻፉ ለይስሙላ አይደለም። ጆን ቲቦና ሎረንስ ዎከር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰዎች ክርክር ሲገጥማቸው የሚመለከቱት ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ የመደመጥ ዕድል ማግኘታቸውንም ይመዝናሉ። የተደመጠ ሰው «አይሆንም» ሲባል ደስ ባይለውም የተናቀ አይመስለውም።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሰው ፊት የተናገሩትን መዋጥ ከባድ ነው። ሱቁ ሞልቶ እያለ «ገንዘቤን ሳልቀበል አልወጣም» ያለ ሰው፣ ስህተቱ ቢገባው እንኳ ያን ሁሉ ተመልካች ጥሎ እንዴት ይውጣ? ወደ ጥግ ወሰድ አድርጎ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማነጋገር መመለሻ መንገድ ይከፍትለታል። መልሱ ግን አይድበስበስ። «እስቲ እናያለን፣ ነገ ብቅ በሉ» ብሎ መሸኘት ዛሬን ያሳልፍና ነገ ሁለት እጥፍ የተናደደ ሰው ያመጣል። «ይህን መመለስ አልችልም፤ ማድረግ የምችለው በሌላ ልክ መቀየር ነው» ማለት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጓዳ ነው። ሻጯ በጨዋነት እምቢ ብላ ቆማለች፣ ደንበኛው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ባለቤቱ ከውስጥ ብቅ ብሎ «ስጪው፣ ይሂድ» ይላል። ጩኸቱ ቆመ። ደንበኛው መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ፣ ሻጯም ደንብ ማክበር እንደሚያሳፍር። በሚቀጥለው ሳምንት ለየትኛው ደንብ ትቁም? ባለቤቱ መስጠት ከፈለገ መብቱ ነው፤ ውሳኔውን ለእሷ ነግሮ በእሷ አንደበት እንዲነገር ቢያደርግ ግን ሁለቱም ይከበራሉ።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው አባባል ስድብን እስከ መዋጥ ይደርሳል ወይ? አርሊ ሆክሺልድ የተባለችው አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የአየር መንገድ አስተናጋጆችን አጥንታ ለደመወዝ ሲባል ስሜትን መግራት ራሱን የቻለ ድካም ያለው ሥራ መሆኑን አሳይታለች። ለመስተንግዶዋ በምትደነቀው ጃፓን እንኳ ነገሩ መሮ፣ የቶኪዮ አስተዳደር በደንበኞች የሚፈጸም ማዋከብን የሚከለክል ደንብ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ቅጣት የለውም፤ ቢሆንም ለሠራተኛው «ይህን የመታገሥ ግዴታ የለብህም» የሚል የመንግሥት ቃል ነው። የእኛ አዋጅ 813 ሸማቹን ከነጋዴው ስድብና ማጉላላት ይጠብቃል፤ ሻጯን ከሸማቹ ስድብ የሚጠብቃት በቅድሚያ የሱቁ ባለቤት መሆን አለበት። ደንበኛ ሲሰድባት ወይም ሲያስፈራራት ንግግሩን አቁማ ኃላፊ የመጥራት ፈቃድ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይሰጣት።

ባለሱቆች አንድ ነገር ደግሞ ያስቡ። ሻጯ ትክክለኛውን አቤቱታ ሳይቀር ተሟሙታ የምትከላከለው፣ የተመለሰው ዕቃ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ ፈርታ ሊሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።