መጋረጃው ከልስኑ በፊት፦ ባለ ሦስት ጎን መስኮት ለሚያሠሩ የዳያስፖራ ቤት ባለቤቶች

ከሜሪላንድ ወይም ከዱባይ ሆነው አገር ቤት ሲያሠሩ መጋረጃ የሚታሰበው ቁልፍ ሊረከቡ ሲሉ ነው። ለተራ መስኮት ይህ ብዙም አይጎዳም። ዘንግ ይሰቀላል፣ ጨርቅ ይሰፋል፣ ያልቃል። ሳሎንዎ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ አርክቴክቶች ቤይ ዊንዶው የሚሉት ባለ ሦስት ጎን መስኮት ካለው ግን መጋረጃው ከማዕዘኑ፣ ከኮርኒሱና ከመብራት መስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። ውሳኔው ልስን ሳይጀመር ካላለቀ፣ በኋላ የሚመጣው ሐሳብ ማፍረስና ተጨማሪ ገንዘብ መላክን ይጠይቃል።

ፀሐይዋ የአገር ቤቷ ናት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ የሰሜኑንና የደቡቡን መስኮት በአብዛኛው ይከልላል። የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። ወደ ምዕራብ የወጣ መስኮት ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር በተለይ ደቡብ ምዕራብ በሚያየው ጎኑ ይመታል። በዚህ ከፍታ ጨረሩ ብርቱ በመሆኑ ደማቅ ጨርቅ ቶሎ ይነጣል፤ ሶፋውም አይተርፍም። ለዚያ ጎን ፈካ ያለ ቀለምና ገበር ያለው መጋረጃ ይምረጡ።

ወፍራሙ መጋረጃ ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ይጠቅማል። ድሬዳዋ ላይ ግን ነፋስ የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይሻላል። ሐዋሳና ባሕር ዳር፣ ሐይቅ አጠገብ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚታሰበው የትንኝ መረብ ነው። ፍሬሙ ላይ ስለሚገጠም የመስኮቱን አከፋፈትም ይወስናል።

ሦስት አማራጮች

የመጀመሪያው የመስኮቱን ቅርጽ ተከትሎ የሚታጠፍ ሐዲድ ነው። መጋረጃው ማዕዘኑን ሳይቆራረጥ ይዞራል፤ ስስና ወፍራም ለመደረብም ሁለት ሐዲድ ይበቃል። ኮርኒሱ ጂፕሰም ከሆነ፣ ሐዲዱ በሚያርፍበት መስመር ከላይ እንጨት ወይም ብረት አስቀድሞ ይግባ። ጂፕሰም ብቻውን ከባድ መጋረጃ አይችልም። ግድግዳ ላይ የሚታሰር ከሆነም ክፍት ሆድ ካለው ብሎኬት ይልቅ ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ይመረጥ።

ሁለተኛው ለየጎኑ አንዳንድ ሮለር መስቀል ነው። ቦታ አይፈጅም፤ ፀሐይ የመታውን ጎን ብቻ ለመዝጋት ይመቻል። ማዕዘኑ ላይ ግን ጥቅሎቹ እንዳይጋጩ ክፍተት ይተዋል፤ በክፍተቱም ብርሃን ይገባል። መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ወይም የብረት ፍርግርጉ ከውስጥ ከሆነ ይህን አማራጭ ይተዉት።

ሦስተኛው በሳሎኑ ግድግዳ ልክ ቀጥ ያለ ዘንግ መዘርጋት ነው። ርካሽና ቀላል ቢሆንም ማታ ሲዘጋ የመስኮቱን ወለል ከሳሎኑ ይቆርጠዋል። እዚያ መቀመጫ ያሰበ ሰው አይመርጠውም።

የትኛውንም ቢመርጡ ወፍራም መጋረጃ አይቅር። ስሱ ቀን ቀን ከጎረቤት ዓይን ይከልላል፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ውስጡን ያሳያል፣ ይህ መስኮት ደግሞ ከሦስት አቅጣጫ የሚታይ ነው።

ልክና ጨርቅ

ልኩን የሚወስደው ወንድም ወይም እህት በሴንቲሜትር ብቻ ይጻፍ። ኢንችና ሴንቲሜትር በስልክ ሲቀላቀሉ የሚበላሸው ጨርቁ ነው። እያንዳንዱ ጎን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካ፤ ልስን ሁልጊዜ ቀጥ አይልም። በፍሬሙ ውስጥ ለሚገባ ሮለር ትንሹን ልክ ይያዙ። የማዕዘኑ ቅርጽ ካርቶን ላይ ተቆርጦ ለሐዲድ ሠሪው ይሰጥ። የመጨረሻው ቁመት የሚወሰደው የወለሉ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ጎኖቹ 70፣ 160 እና 70 ሴንቲሜትር ከሆኑ ድምሩ 3 ሜትር ነው። መጋረጃው እጥፋት ኖሮት እንዲወርድ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7.5 ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል። ብዙው የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 2.80 ወይም 3 ሜትር ነው፤ ይህ ወርድ የመጋረጃው ቁመት ይሆናል። ከኮርኒስ እስከ ወለል 2.80 ሜትር ላለው ሳሎን ባለ 2.80ው ያጥራል፤ ከላይና ከታች የሚታጠፈው ከየት ይመጣል? ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሳይሰፋ በፊት ይታጠብ፤ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ለበዓል መጋረጃ ማጠብ የተለመደ ስለሆነ፣ እርስዎ በሌሉበት ቤቱን የሚጠብቀው ሰው እቤት ሊያጥበው የሚችል ጨርቅ ይግዙ።

በሞተር የሚከፈት መጋረጃ ከአሜሪካ ሊልኩ ካሰቡ ቮልቴጁን ይዩ፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። መብራት ሲጠፋ በእጅ የማይሳብ ከሆነም አይግዙት።

ለፎርማኑ የሚላክ ወረቀት

አንድ ገጽ ይበቃል፦ የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የተመረጠው አሰቃቀል፣ ከኮርኒሱ በላይ የሚገባው እንጨት ወይም ብረት ያለበት መስመር፣ ሞተር ካለም የሶኬቱ ቦታ። ልስኑና ኮርኒሱ ሲሠሩ እንጨቱ ወይም ብረቱና የሶኬቱ መስመር ይሸፈናሉ። ስለዚህ የልስንና የኮርኒሱን ክፍያ የሚልኩት እያንዳንዱን ሜትር ተዘርግቶበት በተነሣ ፎቶ ካዩ በኋላ ይሁን።