ጠመንጃውን ተዪና እናትየዋን እዪ

ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በዪ፣ የኔ ቆንጆ። ልጆቹ «ኤ ክሪስማስ ስቶሪ» የሚባለውን ፊልም ካላየን ብለው እየነዘነዙሽ ነው አሉ። አሜሪካ ልጅ እያሳደግሽ ከዚህ ፊልም ማምለጥ ዘበት ነው። ከ1997 ወዲህ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ማታ ይጀመርና፣ ባለቀ ቁጥር እንደ አዲስ እየተነሳ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በኬብል ቴሌቪዥን ይታያል። ማየትሽ ካልቀረ አተያዩን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ታሪኩን አንቺ ቀድመሽ እወቂው፤ ልጅ ሲጠይቅ እናት ስትንተባተብ አያምርም። ዘመኑ 1940 አካባቢ፣ ቦታው ኢንዲያና ውስጥ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ራልፊ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ባለመነጽር ልጅ ለገና የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬድ ራይደር የምትባል የአየር ጠመንጃ። እናቱን ቢጠይቅ ዓይንህን ታጠፋበታለህ ብላ እምቢ ትለዋለች። በድርሰት ጽፎ ለአስተማሪዋ ቢሰጥ ያችው መልስ በቀይ ተጽፋ ትመለስለታለች። ገበያ አዳራሽ ተሰልፎ የገና አባት ጋ ቢደርስ፣ ሰውዬው ያንኑ ይደግምለትና በጫማው ግንባሩን ገፍቶ በመንሸራተቻው ቁልቁል ይለቀዋል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃ የሚለውን ስትሰሚ ደምሽ እንደሚፈላ አውቃለሁ። እዚህ አገር ልጇን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት በጠመንጃ አልቀልድም ብትል ማን ይፈርድባታል? ግን እባክሽ፣ ፊልሙን አስቁመሽ ስብከት እንዳትጀምሪ። ፊልሙ ራሱ አደጋዋን አልሸሸገም። በመጨረሻ ጠመንጃዋን ሲያገኝ ራልፊ የተኮሳት ትንሽ የብረት ፍሬ ነጥራ ተመልሳ ጉንጩን ትመታዋለች፣ መነጽሩ ይወድቃል፣ እሱም ደንግጦ ሲፈልገው በእግሩ ይሰብረዋል። የጠመንጃውን ጨዋታ ለሌላ ቀን አቆይው፣ ወጥ ስትሠሪ ኩሽና ውስጥ በቀስታ ታነሺዋለሽ።

አንቺ ዓይንሽን ከእናትየዋ ላይ አታንሺ። ሜሊንዳ ዲለን ናት የተጫወተችው፤ ሞያዋን እዪልኝ። እራት ላይ ገና ሹካዋን ስታነሳ ባልዋ ጨምሪልኝ ይላል፣ ተመልሳ ስትቀመጥ ልጅዋ ይቀጥላል። ተራኪው እንደሚለው ሴትዮዋ ለራሷ ትኩስ ምግብ ከቀመሰች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። ትንሹ ልጅዋ አልበላም ሲል አትጮህበትም፤ አሳማ እንዴት ነው የሚበላው ብላ ታስቀውና ፊቱን ሳህኑ ውስጥ ደፍቶ ሲጨርስ አብራው ትንከተከታለች። የጠረጴዛ ሥርዓት እንዲህ ነው ወይ ብትዪ አይደለም። ልጁ ግን በላ።

የሳሙናውን ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ራልፊ አባቱ ጎማ ሲቀይር የያዘለት ብሎኖች ሲበተኑበት ትልቁን ስድብ ያመልጠዋል። እናቱ ቀይ ሳሙና አፉ ውስጥ ትከትበታለች። ልጆችሽ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ካሜራው ግን ልጁ ከሄደ በኋላ እሷጋ ይቀራል። ብቻዋን ስትሆን ያንኑ ሳሙና አንስታ ለራሷ ትቀምሰዋለች፣ ፊቷም ይጨማደዳል። ቅጣቱ ምን ያህል እንደሚመር ማወቅ ፈልጋለች። ስንቶቻችን ነን ልጅ ከቀጣን በኋላ እንደሷ የምናደርግ?

ከዚያ ጠቡ ይመጣል። ሰፈሩን የሚያስጨንቀው ጉልበተኛ አንድ ቀን ያላግጥበትና ራልፊ ይፈነዳል፤ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ ልጁን በረዶ ላይ አጋድሞ ይወቅጠዋል። እናቱ መጥታ ትገላግለዋለች፣ ቤት ወስዳ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ታብስለታለች። ታናሽየው አባቴ ራልፊን ሊገድለው ነው ብሎ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ተደብቆ ያለቅሳል፤ ና ውጣ አትለውም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ታቀብለውና በሩን መልሳ ትዘጋለታለች። ማታ አባትየው ዛሬ ምን ነበር ሲል፣ ራልፊ ትንሽ ተጣልቶ ነበር ትልና ሳታስጨርሰው ወሬውን ወደ እግር ኳስ ጨዋታ ታዞረዋለች። የልጁን ዓይን ያኔ እይው። ጠመንጃውን ከመጠቅለያው ሲያወጣ እንኳ እንደዚያ አላየም። ሰው ሁሉ ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ስለ ጠመንጃው ብቻ ማንሳቱ ይገርመኛል።

አባትየውን ቶሎ አትፍረጂበት። ዳረን መክጋቪን የሚጫወተው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ካለው ማሞቂያ ጋር የሚሰዳደብ ነው። በውድድር አሸንፎ ያገኘው ሽልማት ደግሞ መረብ ካልሲ የለበሰ የሴት እግር የመሰለ መብራት ነው፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያይለት መስኮት ላይ ያቆመዋል። እናትየዋ አበባ ሳጠጣ ነው ብላ ትሰብረዋለች። በስህተት ነው ካልሽ እኔ አላምንም። ስጦታ ሁሉ ተከፍቶ ሲያልቅና ልጁ ተስፋ ሲቆርጥ ግን፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ነገር ያለ መሰለኝ ብሎ የሚጠቁመው እሱ ነው። አልቅሶ የማይናገር፣ እወድሃለሁ የማይል አባት የነበረሽ እንደሆነ ያቺን ደቂቃ ታውቂያታለሽ።

አሁን ጥንቃቄዎች። አንድ ልጅ ተደፋፍሮ ምላሱን ከቀዘቀዘ የብረት ምሰሶ ጋር ያጣብቃል። ፊልሙ ላይ የተደበቀ አየር መሳቢያ ቱቦ ነበር፤ እውነተኛው ብረት ግን እውነት ይይዛል። ሚኒሶታ ያለሽው፣ ለአንቺ ነው የምናገረው። ልጅሽ ከሞከረ አትጎትቺው፣ ለብ ያለ ውሃ አፍስሺበት። ሌላው መጨረሻ ላይ ያለው የቻይና ምግብ ቤት ነው። የጎረቤት ውሾች ተርኪውን ስለዘረፏቸው ቤተሰቡ እዚያ ይሄዳል፣ አስተናጋጆቹም መዝሙር ሲዘምሩ በአነጋገራቸው ይሳቅባቸዋል። እዚህ ላይ ዝም አትበዪ። የአንቺን እንግሊዝኛ በስልክ ስትናገሪ የሚያርሙ ልጆች ናቸው፤ ማን እየተሳቀበት እንደሆነ ብትጠይቂያቸው ራሳቸው ይነግሩሻል።

ራልፊ ሮዝ የጥንቸል ልብስ ለብሶ ደረጃ የሚወርድበትንም አትለፊው። አክስቱ ሰፍታ የላከችለት ነው፤ እናቱ አስገድዳ ታስለብሰዋለች፣ አባቱ ያድነዋል። አያታቸው ከአዲስ አበባ የላከችውን በሁለት ቁጥር የጠበበ የአገር ልብስ ለብሰው ፎቶ እንዲነሱ የምታስጨንቂያቸውን ልጆች አስቢ። አንድ ፎቶ ይበቃል፣ ሆዴ። ለአያትየዋ ላኪና ያውልቁት።

ልጆቹ ትልልቅ ከሆኑ የሚያወራው ድምፅ የማን እንደሆነ ንገሪያቸው። ጂን ሼፐርድ ይባላል፤ ኢንዲያና ሃመንድ ያደገ፣ ኒውዮርክ ሬዲዮ ላይ ማታ ማታ ያለ ጽሑፍ የልጅነቱን ጨዋታ የሚያወርድ ሰው ነበር። ታሪኮቹን በ1966 በመጽሐፍ አወጣ፣ ዳይሬክተሩ ቦብ ክላርክ ደግሞ በ1983 ፊልም አደረጋቸው። ሲወጣ ያን ያህል አልተጮኸለትም፤ ቴሌቪዥን ነው ያነገሠው። በ2012 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይቀመጡ ካላቸው ፊልሞች ጋር ተመዘገበ። የተቀረጸበት ቤት ክሊቭላንድ ነው፣ ከ2006 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ኮለምበስ ላላችሁት በመኪና ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው፤ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ፣ እግር መብራቱ ዛሬም መስኮቱ ላይ ቆሟል።

ጾሙን አልረሳሁም። እነሱ ዲሴምበር 25 ሲያከብሩ እኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ነን፣ የነቢያት ጾም ገና አላለቀም። ያ የተጠበሰ ተርኪ ስክሪኑን ሲሞላው ምራቅሽን ትውጫለሽ፣ ከዚያ ውሾቹ ገብተው ጠራርገው ይወስዱታል። ለጾመኛ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ትዕይንት አላውቅም።

ደግሞም ጥሩ ሆነልሽ፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ሁለት ሳምንት ያህል አለሽ። የራስሽን የምታወሪበት ጊዜ ነው። «እኛ እኮ ይሄ ሁሉ አልነበረንም» ብለሽ ከጀመርሽ ግን በሦስተኛው ቃል ታብሌታቸውን ይከፍታሉ። ሼፐርድ ስለ ችግሩ አላወራም፤ ምን እንደተመኘ፣ ማን እንደከለከለው፣ የት እንዳፈረ ነው ያወራው። አንቺም እንደሱ አድርጊ። በረዶ በማይጥልበት አገር ጥዱ ላይ ጥጥ ስትበትኚ እናትሽ የፍራሹን ጥጥ ነው ያወጣሽው ብላ እንዴት እንዳባረረችሽ ንገሪያቸው። ወንድሞችሽ ገና ሲጫወቱ በቆልማማው ዱላ የማን ቅልጥም እንደተገመሰ፣ ማንስ ለአባቴ እንዳትናገሪ ብሎ በከረሜላ እንደደለለሽ ንገሪያቸው። ትንሽ ብታጋንኚ ማንም አይከስሽም።

በ2022 የወጣ ቀጣይ ፊልም አለው፤ ራልፊ ጎልማሳ ሆኖ፣ ያው ተዋናይ ፒተር ቢሊንግስሊ ራሱ ነው። አባትየው እዚያ የለም፤ ፊልሙ በሞቱ ነው የሚጀምረው። በዚያው ምሽት ከልጆቹ ጋር እንዳትቀጥዪው። ሲተኙ ክፈቺው፣ ወይ ደውዪልኝና አብረን እናየዋለን።