ጉልበት የሌላቸው እናት ድጋፍ ያገኛሉ?

ጥያቄ፦ ጃናሞራ ብቻቸውን የሚኖሩት እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። የ2015ቱ ድርቅ ገብሱን ከነገለባው ወሰደባቸው። «እርከን ካልሠሩ ሴፍቲኔት የለም» ተባሉ። እውነት ነው? (ከአራዳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እውነት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ፣ ሠርቶ የሚያበላ የሌላቸውን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ያቅፋል። እናትዎ ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ድንጋይ አዝለው የጃናሞራን ዳገት ይውጡ ማለት ነውርም ነው፣ ከፕሮግራሙ መመሪያም ውጭ ነው። ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች እንኳ ለጊዜው ከሥራው ነፃ ይሆናሉ።

የተመረጡት ስም ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ስማቸው ከሌለ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በጽሑፍ ያመልክቱላቸው፤ መልስ ካጡ ወደ ወረዳው ይሂዱ። የማመልከቻውን ቅጂ እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ።