የት እንደምትቀድም ለይ

ፈጣን ነህ፣ ወንድምዬ። ላባብልህ ብዬ አይደለም፤ ሰዓት ይዤ ከሜዳው ዳር ስቆም በዓይኔ የማየው ነው። ነገር ግን በአንዲት ዙር ሁሉንም ትቀድምና ውድድሩ ሲያልቅ ከኋላ ትገኛለህ። ከዚያ «የእነሱ ሞተር ይበልጣል» ትላለህ። እውነት የሚሆንበት ጊዜ ይኖራል። ከሞተሩ በፊት ግን አንድ ነገር መልስልኝ፦ የምትቀድመው የቱ ጋ ነው? የምትቀደመውስ? ይህን ለይተህ ካላወቅህ የፈለገውን ሞተር ቢገዙልህ ለውጥ አይኖርም።

የኒኪ ላውዳን ታሪክ አጥና እያልኩ የምወተውትህ ለዚህ ነው። ኦስትሪያዊው ላውዳ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1975፣ በ1977 እና በ1984 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ለአንተ የሚጠቅምህ የመጨረሻው ነው። ያኔ ማክላረን ውስጥ አብሮት የሚነዳው ከእሱ በዕድሜ የሚያንሰው ፈረንሳዊው አለን ፕሮስት ነበር። ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት መኪና ነው። ለመነሻ ቦታ በሚደረገው የአንድ ዙር ፉክክር ላውዳ ፕሮስትን ሊደርስበት አልቻለም፤ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር ከአንደኛ ቦታ አልጀመረም።

ሌላ ሰው ቢሆን እልህ ይዞት እዚያው ላይ ሲታገል ዓመቱ ባለቀበት። ላውዳ ግን ያንን ለፕሮስት ተወለት፤ የልምምድ ሰዓቱንም መኪናውን ለእሑዱ ውድድር በማዘጋጀት ላይ አዋለው። መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ሲከብድ እንዴት ይታጠፋል? ጎማው ምን ያህል ይዘልቃል? በዚያ ዓመት ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው ነዳጅ 220 ሊትር ብቻ ነበር፤ መሀል ላይ ቆሞ መሙላትም ክልክል ነበር። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚረግጥ ሰው ከመድረሱ በፊት ነዳጁ ያልቅበታል።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ፖርቱጋል፣ ኤስቶሪል ላይ ሆነ። ላውዳ ከ11ኛ ተነስቶ አንድ በአንድ እያለፈ 3ኛ ደረሰ። ከፊቱ የነበረው ናይጄል ማንሰል ፍሬኑ ተበላሽቶበት ሲወጣ 2ኛ ሆነና ውድድሩን በዚያው ጨረሰ። ዕድል አለበት ልትለኝ ትችላለህ፤ አዎ አለበት። ያ ዕድል ሲመጣ ግን 3ኛው ቦታ ላይ መገኘት የእሱ ሥራ ነበር። ፕሮስት በዚያ ዓመት 7 ውድድር አሸነፈ፣ ላውዳ 5። ዋንጫውን 72 ለ71.5 ላውዳ ወሰደ። በግማሽ ነጥብ!

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ኩርባ ላይ ፍሬን አዘግይተህ መያዝ ትወዳለህ፤ ሰውም ያጨበጭብልሃል። ግን ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ያንን ሁሉ ለፍሬን ከጨረስከው ለመታጠፊያ የሚተርፍህ የለም፤ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋብሃል፣ አንተም ቶሎ ነዳጅ መስጠት አትችልም። ኩርባው ካለቀ በኋላ ቀጥታው መንገድ አለ፤ ስትወጣ ያጣኸው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሲጎዳህ ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ይኸው ነው። ትንሽ ቀደም ብለህ ያዝ፣ መኪናውን አዙር፣ ከዚያ ቀድመህ ርገጥ። የሚያጨበጭብልህ ባይኖርም ሰዓቱ ይመሰክርልሃል።

ሁለተኛው ነገር ምላስህ ነው። ላውዳ በ1974 ፌራሪ ሲገባ መኪናውን ሞክሮ ተመለሰና የፊቱ በደንብ አይታጠፍም፣ ጥሩ አይደለም ብሎ ለመሥራቹ ለኤንዞ ፌራሪ ፊት ለፊት ተናገረ። ኤንዞ ፌራሪ ፊት እንዲህ የሚደፍር ብዙ አልነበረም። ወቀሳ ብቻ አድርጎ ግን አልተወውም፤ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠቆመ፣ ከዋናው መሐንዲስ ከማውሮ ፎርጊየሪ ጋርም ደጋግሞ እየሞከረ አስተካከለው። በዓመቱ ፌራሪ ከ1964 ወዲህ ያላገኘውን የሻምፒዮንነት ዋንጫ አመጣለት። አንተ ለመካኒክህ «መኪናው አስቸገረኝ» ትለዋለህ። ይህ ምን ይረዳዋል? በየትኛው ኩርባ? ሲገባ፣ መሀል ላይ ወይስ ሲወጣ? የፊቱ ነው የተንሸራተተው ወይስ የኋላው? ከመኪናው ሳትርቅ ደብተር ላይ ጻፈው። ስህተቱ የአንተ ከሆነም የእኔ ነው በለው፤ ያለዚያ ደህናውን መኪና ሲፈታታ ይውላል።

በብድር ነገር ግን ላውዳን እንዳትከተለው። መወዳደሪያ ቦታ ለመግዛት በሕይወት መድኑ ዋስትና ከባንክ ተበድሯል። ለእሱ ተሳካለት፤ በዚያ መንገድ ሄደው ዕዳ ብቻ የተረፋቸውን የሚያስታውስ የለም። ትምህርትህን ያዝ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ነሐሴ 1976 ኑርበርግሪንግ ላይ የላውዳ መኪና ተጋጭታ ተቃጠለች፤ ካህን መጥቶ እስኪጸልይለት ድረስ ለሞት ቀርቦ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞንዛ ላይ ተመልሶ ነዳና 4ኛ ወጣ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔ የምወድለት በዚያው ዓመት ጥቅምት ጃፓን፣ ፉጂ ላይ ያደረገውን ነው። ዝናቡ መንገዱን አጥለቅልቆት ነበር። ላውዳ ሁለት ዙር ነድቶ ገባና ወረደ። ቡድኑ «ሞተሩ ተበላሸ እንበል» ሲለው እምቢ አለ፤ ውሳኔው የራሱ እንደሆነ ተናገረ። ዋንጫውን ተፎካካሪው ጄምስ ሃንት በአንድ ነጥብ በልጦ ወሰደው። በዓመቱ ላውዳ አስመለሰው።

አንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሰዓት ይገጥምሃል። መንገዱ ካላሳመነህ ውረድ፤ ለምን ሲሉህም ሰበብ ሳትፈልግ እውነቱን ንገራቸው። ዋንጫው በሌላ ዓመት ይመጣል። እኔ ወንድም የምለው አንተን ብቻ ነው።