ክንዱ ከደንቡ ይጀምራል

ልጅቱ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ቡድኗ በ2024–25ቱ የፈርስት ቴክ ቻሌንጅ የሮቦት ውድድር ይሳተፍ ነበር፤ የሮቦቱን ክንድ የመንደፍ ኃላፊነት የእሷ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረታ ብረት ሥራ ያሳለፉ ጎረቤቷ ናቸው።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ንድፌን ይዩልኝ። ክንዱ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ነው፤ ሞተሩንም መርጫለሁ።

ጋሼ፦ ጎሽ የኔ ልጅ። ግን ከሞተሩ በፊት ደንቡን ንገሪኝ።

ልጅ፦ ደንቡንማ ፍተሻው ሲደርስ እናየዋለን ብለን ነው።

ጋሼ፦ እንደሱ አይሆንም። ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደንብ ብታነቡ የሚተርፋችሁ መቁረጥና መበየድ ብቻ ነው። ደንቡ የንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ነው። በይ ምን ይላል?

ልጅ፦ ሮቦቱ ሲጀምር በየጎኑ 18 ኢንች በሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ 46 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሊዘረጋ ይችላል፤ ከላይ ሲታይ ግን ከ20 በ42 ኢንች አራት ማዕዘን መውጣት የለበትም። ከ8 ሞተር በላይ አይፈቀድም። ጥሩ ነጥብ ከሚያስገኙት አንዱ ደግሞ ዕቃውን አንስቶ 43 ኢንች ከፍታ ባለው ቅርጫት ውስጥ መጨመር ነው።

ጋሼ፦ ንድፍሽ ያለው እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ነው። የሮቦቱ አካል 18 ኢንች ከያዘ ከ42ቱ ስንት ይተርፍሻል?

ልጅ፦ 24 ኢንች፤ 61 ሴንቲሜትር ያህል።

ጋሼ፦ ክንድሽ ከሮቦቱ ፊት ሊወጣ የሚችለው ይህን ያህል ብቻ ነው። መዞሪያውን የት አደረግሽው?

ልጅ፦ መሐል ላይ፤ ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ።

ጋሼ፦ ከመሐል እስከ ፊቱ 23 ነው። 61 ሲደመርበት 84 ይሆናል። አንድ ሜትሩ ክንድሽ ተኝቶ ሲዘረጋ 16 ሴንቲሜትር ከገደቡ ያልፋል።

ልጅ፦ ወደ 84 ባሳጥረውስ?

ጋሼ፦ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከፍታው 114 ነው፤ ቅርጫቱ 109። ክንዱ ወደ ቅርጫቱ ማዘንበል አለበት፤ መያዣውም ዕቃውን ከጠርዙ በላይ ሆኖ መልቀቅ አለበት። 5 ሴንቲሜትር ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

ልጅ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ጋሼ፦ መዞሪያውን ወደ ኋላ ውሰጂው። ከኋላ ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ላይ ብትተክዪው እስከ ፊቱ 41 ይሆናል፤ ከ61 ጋር 102። ያው አንድ ሜትር ክንድ አሁን ተኝቶም ሕጋዊ ነው፤ ሲቆም ደግሞ 130 ይደርሳል። ከፊት የሚወጣው አልጨመረም፤ በሮቦቱ አናት ላይ የሚያልፈው ነው የጨመረው። ደንቡን ቀድመሽ ብታነቢ ይህን ቦታ ራስሽ ታገኚው ነበር።

ልጅ፦ ሞተሩስ? መግለጫው የመጠምዘዝ ጉልበቱ 24 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ነው ይላል።

ጋሼ፦ ያ ሞተሩ ጨርሶ ሲቆም የሚሰጠው የመጨረሻ ጉልበቱ ነው። እዚያ ላይ ካቆየሽው ይግላል፣ ይቃጠላል። ባልዲ ውኃ ጎንሽ አጠገብ መያዝና እጅሽን ዘርግተሽ መያዝ አንድ አይደለም፤ ክብደቱን በርቀቱ አባዢ። ክንዱ ስንት ይመዝናል?

ልጅ፦ አንድ ኪሎ ገደማ። መያዣው ከነዕቃው 400 ግራም።

ጋሼ፦ የክንዱ ክብደት መሐሉ ላይ እንዳለ ቁጠሪው፤ 1 ኪሎ በ50 ሴንቲሜትር 50 ነው። መያዣው 0.4 በ100፣ 40። ድምሩ 90። ሞተርሽ ብቻውን አያነሳውም። ማርሹን አንድ ለአሥር ብታደርጊው ግን 240 ይሰጥሻል፤ የምትጠቀሚው ከግማሹ በታች ይሆናል።

ልጅ፦ ፍጥነቱ አይሞትም?

ጋሼ፦ ሞተሩ በደቂቃ 312 ጊዜ የሚዞር ከሆነ ክንዱ ያለ ጭነት 31 ጊዜ፣ ከነጭነቱ 20 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከመተኛት እስከ መቆም ሩብ ዙር ብቻ ስለሆነ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ይበቃሻል።

ልጅ፦ ሁለት ሞተር ባደርግለትስ?

ጋሼ፦ ስምንቱን አከፋፍይ። አራቱን ጎማዎቹ ይወስዳሉ። አንዱ ክንዱን ያዞራል፣ አንዱ ክንዱ የሚረዝምበትን ተንሸራታች ይዘረጋል። የቀሩትን ሁለቱን ከጓደኞችሽ ጋር ተመካከሩበት፤ ሮቦቱን ሜዳው ላይ ባለው ብረት ለማንጠልጠልም ሞተር ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ከሞተር በፊት ክብደት ቀንሺ። ከመያዣው ላይ የተነሳ 100 ግራም ከመዞሪያው አጠገብ ከተነሳ አንድ ኪሎ ይበልጣል።

ልጅ፦ ክንዱ እንዳያልፍ በኮዱ እገድበዋለሁ።

ጋሼ፦ ኮዱም ይኑር፤ ግን የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ኢንኮደር ቢሳሳት ወይም ሽቦው ቢነቀል ክንዱ የት እንደሚቆም የሚያውቅ ብረት ብቻ ነው። ተንሸራታቹ መጨረሻ ላይ ብሎን ይኑርሽ። መዞሪያውም ላይ ክንዱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መግቻ ግጠሚ። መዞሪያውን በግራም በቀኝም ኩሽኔታ ያዢው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከያዝሽው ዘንጉ ይጎብጣል፣ የማርሹም ጥርስ ይዘላል።

ልጅ፦ እንግዲያው ዕቃውን አሁን ልዘዝ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ካርቶን። የሮቦቱን ጎን በልኩ ቁረጪ፤ ክንዱንም በልኩ ቁረጪና መዞሪያው ቦታ ላይ በመርፌ አያይዢው። ወለሉ ላይ 20 በ42ቱን በፕላስተር አስምሪ። ክንዱን ከመተኛት እስከ መቆም በእጅሽ አዙሪው፤ የት እንደሚነካ፣ ታጥፎ 18 ኢንቹ ውስጥ መግባቱን ታያለሽ። አንድ ከሰዓት ይፈጅብሻል፤ ካርቶን ላይ የተገኘ ስህተት ግን በመቀስ ይታረማል።

ልጅ፦ ደንቡ ውስጥ ግልጽ ያልሆነልኝ አንቀጽ ካለስ?

ጋሼ፦ ለራስሽ እንዲመች አድርገሽ አትተርጉሚው። አዘጋጆቹ የሚመልሱበት ይፋዊ የጥያቄና መልስ መድረክ አላቸው፤ እዚያ ጠይቂ፣ መልሱንም ከንድፍሽ ጋር አስቀምጪ።

ልጅ፦ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ደንቡ እጃችንን የሚያስር ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ፦ ገደብ ባይኖር ኖሮ የሚያሸንፈው ብዙ ሞተር የገዛ ነበር። ሣጥኑ ለሁሉም 18 ኢንች፣ ሞተሩም ለሁሉም 8 ስለሆነ ነው የእናንተ ቡድን ባለ ብዙ ገንዘቡን ቡድን ፊት ለፊት የሚገጥመው። ያ ደንብ የቆመው ለእናንተም ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ሴንቲሜትር ተጠቀሙበት፣ አንዲት ሴንቲሜትር ግን አትለፉ።