መንገዱ ቤታችንን ሲያናጋ

መንገድ ጥሩ ነገር ነው። እህላችን ገበያ የሚወጣው፣ ማዳበሪያ የሚመጣልን፣ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው በመንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ሥራ ብዙ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር አገናኝቷል። ነገር ግን መንገድ ችግርም ይዞ ይመጣል። ድንጋይና አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከቤታችን አጠገብ ሲያልፍ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ምርጊቱ ይረግፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ደጃችንን ይሞላዋል። ታዲያ ምን እናድርግ?

ጉዳቱን እንለይ

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ አጥራችንን ወይም ግድግዳችንን ሲያፈርስ ነው። እዚህ ላይ ተጠያቂው ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት፣ ራሱ ባይነዳም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ የታርጋ ቁጥሩን እንጻፍ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ እንናገር።

ሁለተኛው ቀስ በቀስ የሚመጣው ነው። አንድ መኪና ብቻ አላደረሰውም። ቀን በቀን የሚያልፈው ሁሉ ነው ያደረሰው። እዚህ ላይ ጉዳያችን ከአስተዳደሩ ጋር ነው። ይህ ትምህርት በይበልጥ ስለዚህ ነው።

ማስረጃ እንያዝ

አቤት ስንል ምን እንደምንባል አስቀድመን እንወቅ። «ቤቱ አርጅቶ ነው። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ምስጥ በልቶት ነው» እንባላለን። ይህ ባዶ ነገር አይደለም። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ግድግዳም አብሮ ይሰነጠቃል። ምስጥም ማገሩን ይበላል። እንግዲህ እውነቱን ራሳችን መርምረን እንድረስበት።

በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በከሰል ምልክት እናድርግ፤ ቀኑንም እንጻፍበት። ከወር በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ እየጨመረ ነው ማለት ነው። ስንጥቁን አቋርጠን ቀጭን ወረቀት ወጥረን እንለጥፍ። ወረቀቱ ከተቀደደ ስንጥቁ እየሰፋ ነው።

ከመንገዱ ራቅ ያሉትን ቤቶችም እንያቸው። መሬቱና ዕድሜው አንድ ሆኖ፣ የራቀው ቤት ደኅና፣ የቀረበው ግን የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። በቀን ስንት ከባድ መኪና እንደሚያልፍም ቆጥረን በደብተር እንያዝ። ስልክ ያለው ጎረቤት ፎቶግራፍ ያንሣልን።

ማመልከቻ እንጻፍ

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ለቀበሌው ሊቀመንበር በመንገድ ላይ የነገርነው ነገር እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። የተጻፈው ግን መዝገብ ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን ከሚጽፍ የተጎዳነው ሁሉ አብረን እንፈርም። እንዲህ ብለን መጻፍ እንችላለን፦

ቀን ............
ለ............ ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በመኪና መንገድ ምክንያት በቤቶቻችን ላይ የደረሰውን ጉዳት ይመለከታል።
እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው የ............ ጎጥ ነዋሪዎች ነን። ከ............ ወር ጀምሮ ከባድ መኪናዎች በመንደራችን መካከል ስለሚያልፉ የ...... ቤቶች ግድግዳ ተሰንጥቋል። ዝርዝሩን አያይዘናል። ስለዚህ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን እንዲያይልን፣ የመንገዱ ጉድጓድ እንዲሞላና የጎርፍ ቦይ እንዲቀደድልን እንጠይቃለን።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ እናዘጋጅ። አንዱን እንስጥ። በሌላው ላይ የገባበትን ቀን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ማኅተሙን አስደርገን ቤታችን እናስቀምጥ። ይህ ወረቀት እንደ እህል ዘር የሚጠበቅ ነው።

ምን እንጠይቅ?

«ችግራችንን ፍቱልን» ብቻ ማለት አይበቃም። የምንፈልገውን ለይተን እንናገር። ጉድጓድ ያለበት መንገድ ምድሩን ይበልጥ ያናውጣል፤ መሙላቱ ይጠቅማል። መኪናው ዝግ ብሎ ሲሄድም መናወጡ ይቀንሳል። ነገር ግን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከቤታችን ፊት ለፊት አይሠራ። ከባድ መኪና ጉብታውን ዘሎ ሲወርድ ምድሩን ይመታል። ስለዚህ ጉብታው ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ይሁን።

አንዳንዴ ቀበሌው «መንገዱ የእኛ አይደለም» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል። ዋና ዋናዎቹ የአገር መንገዶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። ሌሎቹ የክልል ወይም የወረዳ ናቸው። ያን ጊዜ ተቆጥተን አንመለስ። «እንግዲያው የማን እንደሆነ ገልጻችሁ የሸኚ ደብዳቤ ጻፉልን» እንበል። የቀበሌው ምክር ቤት ሲሰበሰብም ተመራጮቻችን ጉዳዩን እንዲያነሡ እናድርግ።

መንገዱን በድንጋይ እንዝጋው የሚል አይጠፋም። ይህ አይበጅም። የምትወልድ እናት በዚያው መንገድ ታልፋለች። ደግሞም ከሳሽ የነበርነው ተከሳሽ እንሆናለን።

መልስ ካላገኘን

ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እንሂድ። በየደረጃው የቀድሞውን ማመልከቻ ቅጂ እናያይዝ። በአስተዳደር በደል ሲደርስብን ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም መሄድ ይቻላል። ይህ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ነው። አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

የመጨረሻው በር ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አንርሳ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2143 የጉዳት ካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። «ዛሬ ና፣ ነገ ና» እየተባልን ስንመላለስ 2 ዓመቱ ያልቃል። ከሳችን ያኔ ቢቀርብ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ቀን መጻፍ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ቤት የብዙ ዓመት ድካም ነው። መንገዱም ይኑር፤ ቤታችንም ይኑር። ሁለቱም እንዲኖሩ እርሳስና ደብተር እናንሣ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ከመንገዱ አጠገብ ስንት ቤት አለ? ስንቱ ተሰንጥቋል?
2. በአጠገባችን የሚያልፈው መንገድ የማን ነው? ማንን እንጠይቅ?
3. ማመልከቻ በሁለት ቅጂ የሚጻፈው ለምንድን ነው?
4. ከላይ ያለውን ማመልከቻ በየደብተራችን እንጻፍ፤ ባዶውን ቦታ እንሙላ።