ለሱቅ አኳሪየም ሕያው ተክል ወይስ ፕላስቲክ?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነጋዴው ወደየአቅጣጫው ሲበተን፣ የቀረውም አዲስ ቤት የተከራየውም ሱቁን እንደገና ማሳመር ግድ ሆኖበታል። ደንበኛ ተራ እስኪደርሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር የሚፈልግ ፀጉር ቤት፣ ካፌ ወይም የጥርስ ክሊኒክ አኳሪየም ቢያስብ ጥሩ አስቧል። ችግሩ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ መስታወቱን መርጦ ተክሉን የሚያስታውሰው ሒሳብ ሊከፍል ሲል መሆኑ ነው። እኔ ተክሉ ቀድሞ ይታሰብ ባይ ነኝ። ገንዳው ከስድስት ወር በኋላ ጠርቶ ይታያል ወይስ ሸትቶ ይነሣል የሚለው ከዚሁ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነውና።

ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው አሞኒያ ለራሱ መርዝ ነው። በቆየ ገንዳ ውስጥ ጠጠሩና ማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። አዲስ ገንዳ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም። በበቂ መጠን እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ከዚያም ይረዝማል። የጀማሪ ዓሣ በብዛት የሚያልቀው በዚህ ወቅት ነው፤ ባለቤቱም ምግቡን ወይም ሻጩን ይጠረጥራል። ሕያው ተክል አሞኒያውን እንደ ማዳበሪያ ስለሚወስደው ይህን አስቸጋሪ ጊዜ ያቀልለታል። ፕላስቲኩ ዓሣውን ይደብቀዋል፣ ያምራል፣ ለውሃው ግን ይህን ሥራ አይሠራለትም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ትንንሽ ጎልድፊሾችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል የውሃ ሣር ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ እንዴት እንዳኖረ አስረድቷል። የሞቱት ቅጠሎች በስብሰው ውሃውን ሲያበላሹበት፣ ብስባሹን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ፤ ውሃውም ጠራ። ከዚህ ታሪክ ጀማሪው መያዝ ያለበት ሁለተኛውን ክፍል ነው። የሚበሰብስ ቅጠል ራሱ አሞኒያ ይሆናል። ስለዚህ ቢጫ የሆነውን ቅጠል በየሳምንቱ የሚለቅም ሰው ከሌለ ሕያው ተክል ከፕላስቲክ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ፒያሳ እንምጣ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለና እኩል ሙቀት ያለው ውሃ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ መጻሕፍት «በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ሲሉ የሚያስቡት ዝቅተኛ አገር ነውና እርስዎ ከተጻፈው ቀንሰው ይጀምሩ። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሲጨልም ግን እሱም ስለሚተነፍስ ከዓሣው ጋር ይሻማል። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ፓምፑ ቆሞ ገንዳው በተክል የታጨቀ ከሆነ ጠዋት የሚጠብቅዎት መልካም ነገር አይደለም። ጥቂት ተክል ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ደግሞ ከማንኛውም ጌጥ ቀድሞ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ሌላው ብርዱ ነው። የድሮዎቹ የአራዳ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ያቆያል፤ ፊቱ መስታወትና አሉሚኒየም የሆነ ሱቅ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጋፒ፣ ቤታና ቴትራ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ያለ ማሞቂያ አይሆኑም። ብርዱን የሚችለው ጎልድፊሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ለስላሳ ቅጠል ይበላል፣ ጠጠር እየቆፈረ ሥር ይነቅላል። እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ማሞቂያ ገዝተው ትንንሽ ዓሣ የሚያኖሩ ከሆነ ያለ ጥርጥር ሕያው ተክል ይያዙ። ጎልድፊሽ ከሆነ ለመልኩ ሰው ሠራሹን ይትከሉ፤ ለውሃው ግን አንድ ሁለት ጠንካራ ሕያው ተክል ይጨምሩበት።

ጠንካራ የምላቸው ሦስት ናቸው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ ጎልድፊሽ እንኳ ብዙ አይደፍረውም። ጃቫ ፈርን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ነው፤ በደካማ ብርሃን ይኖራል። ሁለቱንም ጀማሪ የሚገድላቸው በአንድ ዓይነት ስሕተት ነው፤ እንደ ጎመን ችግኝ ጠጠር ውስጥ ይቀብራቸዋል። ተክሉን ሲይዙት ቅጠሎቹ የሚወጡበት እንደ ዝንጅብል አግድም የተኛ ግንድ ያያሉ። እሱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ አስቀምጠው በጥጥ ክር ሸብ ያድርጉት፤ ቀጭኖቹ ሥሮች ራሳቸው ይይዙታል፣ ክሩም በጊዜው ይበጠሳል። ሦስተኛው ሆርንወርት ነው፤ ሥር የለውም፣ ይንሳፈፋል፣ ብርድ ይችላል። ጣና ውስጥም ይበቅላል። አሞኒያ ለመውሰድ ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነው። ለሁሉም ነጭ ብርሃን ያለው የኤልኢዲ መብራት በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ገንዳ አያስቀምጡ፤ አልጌ ሕያውን ተክልም ፕላስቲኩንም እኩል ያለብሰዋል።

ሰው ሠራሹን ከመረጡ ለቤት ማስጌጫ የሚሸጠውን አርተፊሻል አበባ በፍጹም አይግዙ። ግንዱን በጥፍርዎ ጫን አድርገው ጎንበስ ያድርጉት፤ እንደታጠፈ ከቀረ ውስጡ ሽቦ አለ። ሽቦው ውሃ ውስጥ ይዝጋል። ለአኳሪየም የተሠራውንም ቢሆን ነጭ ሳህን ላይ ለብ ባለ ውሃ አንድ ቀን ይዘፍዝፉት፤ ውሃው ቀለም ካወጣ ይመልሱት። ከዚያ አሮጌ ስቶኪንግ ቅጠሎቹ ላይ ያንሸራቱ። ስቶኪንጉን የሚይዝ ጠርዝ የዓሣውንም ክንፍ ይቀድዳል፤ በተለይ ክንፉ ረጅም የሆነውን ቤታ። ከጨርቅ ወይም ከሲሊኮን የተሠራው ከጠንካራው ፕላስቲክ ይሻላል። ሲቆሽሽ በሳሙና አይታጠብም፤ በውሃና በብሩሽ ይበቃዋል።

ወርቅ ቤት ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። መዳብና ብር ውሃ ውስጥ ሲሟሙ በጥቂቱም ዓሣን ይጎዳሉ፤ መዳብ ተክልንም ይጎዳል። ገንዳው አሲድና ብየዳ ካለበት ጠረጴዛ ይራቅ፤ ከሥራ የተነሣ እጅም ሳይታጠብ አይግባበት። ፎቅ ላይ የእንጨት ወለል ያለው አሮጌ ቤት ውስጥ ያሉም ክብደቱን ያስቡ፤ 60 ሊትር ገንዳ ከነጠጠሩ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከ60 ሊትር በታች ግን አልመክርም፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል።

የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው። ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ይወጣለታል። በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ውሃ ማጠራቀም የለመደው ነው፤ ክዳኑን መክፈት ብቻ ይጨምርበት። በየሳምንቱ ሩቡን ይቀይሩ።

ተክሉን ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር ለቅመው አያምጡ። ቅጠሉ ላይ የሚጣበቁት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አግኝተዋል፤ ይሁንና ገንዳ ለማጽዳት በእንዶድ አይሞክሩ፤ ዓሣንም ይገድላል።

አበባው ያምራል ብለው እምቦጭም አያስገቡ። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በጌጥነቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ሐይቅ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ታወቀ፤ የጣና ዳር ገበሬ ዛሬም በእጁ ይነቅላል። ከገንዳዎ የከረከሙትን ማንኛውንም ቅጠል ወደ ወንዝ አይጣሉ። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አድርቀው ከቆሻሻው ጋር ያውጡት፤ ዓሣ ማኖር የሰለችዎት ቀንም ዓሣውን ለሌላ ሰው ይስጡ እንጂ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት።